ስሙ የማይጠራው ቅጠል

ከሥራ ስመለስ፣ ከዳላስ ወደ ካሮልተን በሚሄደው ባቡር ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሐበሻ መሆናቸውን ተዋውቀው ወሬ ጀምረዋል። ልጅቷ ፕሌኖ ከተማ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

«የቻይና ባህላዊ መድኃኒት የሚሠራባቸውን ተክሎች ጂኖም ነው የምናነበው። ማለቴ፣ የእያንዳንዱን ተክል ዲኤንኤ በሙሉ።»

«ስማቸውን ማን ነገራችሁ?»

«ቻይኖቹ ድሮ ጽፈውታል እኮ።»

«ጽፈውታል!» ሽማግሌው ከኪሳቸው በላስቲክ የታሰረ ዱቄት አወጡ። «ይሄ የአባቴ ነው። ወሎ ውስጥ የታወቀ መድኃኒተኛ ነበር። ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ብሎ ቅጠሉን ለታላቅ ወንድሜ ብቻ አሳየው። ወንድሜም ለማንም ሳይተነፍስ ሞተ። የቀረው ይሄ ነው!»

«እና አባባ፣ ትንሽ ቢሰጡኝ ላብራቶሪ ወስጄ ቼክ አደርግልዎታለሁ።»

«አባቴ ሰው እንዳይለየው ሌላ ቅጠል ቀላቅሎበታል።»

«ማሽኑ ሁሉንም ይለያል።»

«አባቴ ለእኔ ያልነገረኝን ለማሽን ልንገር?»

«እርስዎ አይነግሩትም፤ እሱ ነው የሚነግርዎት።»

«ይሄ ነው ያንገበገበኝ! ቅጠል ስወቅጥለት ያደግሁትን እኔን ልጁን አባቴ ሳያምነኝ፣ ብረት ይንገረኝ?»

«ይቆጡ አባባ፣ ግን ይሄ ካለቀ አለቀ።»

ባቡሩ ቆመ። ሽማግሌው ተነሥተው ላስቲኩን ጭኗ ላይ ጣሉት።

«ውሰጂው! ስሙን ስታገኚው ለዓለም ሁሉ ንገሪ፤ ለእኔ ግን እንዳትነግሪኝ። አባቴ ያልነገረኝን ከማንም አልሰማም!»

ሽማግሌው ወርደው በሩ ሲዘጋ፣ እኔም አባቴን ያልጠየቅሁት ነገር እንዳለ ትዝ ብሎኝ ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ሳይ ቆየሁ።