የማይወጣው ቱቦ

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቡሬ መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ከጎረቤቴ ከአያ ዳኘው ጋር ተገናኘን። ማንኩሳ አጠገብ የመስኖ የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ አውጥተው ውሃ ያከፋፍላሉ፣ ቦይ ያስጠርጋሉ፣ ሰውን ሁሉ ይጠረጥራሉ። የውሃ አባት ካልጠረጠረ ውሃው ማሳ ሳይደርስ ያልቃልና አልፈርድባቸውም። ዓይናቸው እንደገና ቢጫ ሆኗል፤ ክንዳቸውን ያለማቋረጥ ያካሉ።

ከሦስት ወር በፊት ከጉበት ሐሞት የሚወርድበት መስመር ተዘግቶባቸው፣ የአዲስ አበባ ሐኪሞች በአፋቸው መሣሪያ አስገብተው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አኑረውላቸው ነበር። ቢጫው ለቀቀ። በዚያው ሳምንት ግን ከቡሬ ወዲያ ያለ መድኃኒት ዐዋቂ ለወፍ በሽታ ብሎ ክንዳቸው ላይ ቅጠል አስሮላቸው ስለ ነበር፣ ምስጋናው ሁሉ ለቅጠሉ ሆነ። አሁንም ወደዚያው ሊሄዱ ነው። የእህታቸው ልጅ ሕሊና ነርስ ናት፤ ይህን ሰምታ ከፍኖተ ሰላም ድረስ ተከትላቸው መጥታለች።

«ጋሼ፣ ነገ አዲስ አበባ እንሂድ። ቱቦው መቀየር አለበት» አለቻቸው።

«ደህና ቱቦ ከሆነ ለምን ይቀየራል?»

«ፕላስቲኩ ጠባብ ነው፤ በሦስት ወር ገደማ በዝቃጭ ይደፈናል። አሁን የሚያስገቡልዎ ከብረት መረብ የተሠራ ቱቦ ነው። ሰፋ ያለ ነው፣ ብዙ ይቆያል።»

«እሱስ መቼ ይወጣል?»

«እሱ አይወጣም።»

አያ ዳኘው ወደኔ ዞሩ። «ሰማህ አንተ መምህር? መጀመሪያ የሚወጣ፣ አሁን የማይወጣ። ብረቱ ከተሻለ ያኔውኑ ለምን አላስገቡትም? እኔ ላይ እየተለማመዱ ነው።»

«ያኔ መስመሩን የዘጋው ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር» አለች ሕሊና። «ጠጠርም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም። ስለዚህ በቀላሉ የሚወጣውን መረጡ።»

«አሁንስ ታወቀ?»

ሕሊና ዝም አለች። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ቱቦው ሲገባ የተወሰደው ናሙና ውጤት ካንሰር መሆኑን፣ በቀዶ ጥገናም እንደማይወጣ ቤተ ዘመዱ ያውቃል። እንደ ልማዳችን ለበሽተኛው አይነገር ሲባል፣ ከመካሪዎቹ አንዱ እኔው ነበርሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው በዚያች ሰዓት አፈርሁ።

«ውሃ ሰርቆ ያጠጣ ሰውም ስጠይቀው እንዲህ ነው ዝም የሚለው» አሉ ቀስ ብለው። «ንገሩኝ።»

«ካንሰር ነው፣ ጋሼ» አለች እንባዋ እየመጣ። «ከቆሽትዎ ላይ የበቀለ ዕጢ መስመሩን ተጭኖታል። ብረቱ ዕጢውን አያጠፋውም፤ መስመሩን ግን ይከፍተዋል።»

ክንዳቸውን አዩ። «ቅጠሉስ?»

«ቅጠሉ ክንድዎን አቆሰለ እንጂ ሐሞቱን ያወረደው ቱቦው ነው። ሲደፈን ቢጫው መመለሱን አዩት አይደል?»

«ብረቱን እምቢ ብልስ?»

«ማታ ማታ የጀመረዎ ብርድ ይብስና የታቆረው ሐሞት ደምዎን ይመርዘዋል፤ በቀናት ሊወስድዎ ይችላል። ከገባ ማሳከኩ ይለቅቃል፣ እህል ይበላሉ፣ እንቅልፍ ይተኛሉ። በየሦስት ወሩም አይንገላቱም። እሱም ቆይቶ ሊደፈን ይችላል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ሌላ ይጨምሩለታል።»

«ለዘንድሮው የውሃ ተራ እደርሳለሁ?»

«ወራት እንጂ ዓመታት ልልዎ አልችልም። ለተራው ግን ይደርሳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

አያ ዳኘው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «የምጠረጥረው ብረቱን መስሎኝ ነበር፤ ለካ እናንተን ኖሯል። ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ቅጠል ፍለጋ እዞር ነበር? በይ ነገ እንሂድ።»

ብረቱ ገባ፤ በሁለት ሳምንት ዓይናቸው ጠራ። በታኅሣሥ የውሃውን ተራ ራሳቸው አወጡ፣ ቦዩን ለልጃቸው ለወንዳወቅ አስረከቡ፣ ንስሐ ገቡ፣ ኑዛዜያቸውን በገዛ አፋቸው ተናገሩ። በሰኔ አረፉ። ቱቦው የሰጣቸው ስምንት ወር ነው፤ እኛ ዝም ብለን ቢሆን ኖሮ እሱንም በቅጠል ፍለጋ እናስጨርሳቸው ነበር።

ከቀብር ስመለስ ልጆቼን ሰብስቤ፣ የኔ ቀን ሲመጣ እውነቱን እንዳይደብቁኝ አስማልኋቸው።