የካፒቴኑ ሙግት ስለ ሰማይ ጭስ

አብራሪዎች ከበረራ በፊት የአየሩን ሁኔታ በሚያዩበት ክፍል በር ላይ ሁለት ዘመዳሞች ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። አንደኛው ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ ካፒቴን ናቸው። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ስትሆን፣ አውሮፕላኖቻችን በመጪዎቹ ዓመታት ምን ያህል ካርቦን እንደሚለቁ አስልታ የምትተነብይ ባለሙያ ናት። እኔ የጋሼ ረዳት አብራሪ ስለሆንኩ ከኋላቸው ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? እግዜር ነው የጣለልኝ!»

«እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ። ምነው፣ ልትከሺኝ ነው እንዴ?»

«ልለምንዎ ነው እንጂ። ነዳጅ የሚቆጥበውን አዲሱን የአውሮፕላን አወራረድ ዘዴ ካፒቴኖቹ እርስዎን እያዩ ነው እምቢ ያሉት። ነገ ዘዴውን ለማጽደቅ በሚደረገው ስብሰባ ላይ እርስዎ ከተቃወሙት አለቀለት።»

ጋሼ ከልባቸው ሳቁ። «ይሄ ሁሉ ሰማይ ተዘርግቶ የኛ ጭስ ምን አላት? ደግሞስ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሆነውን ማን ያውቃል? ጠንቋይ ሆንሽ?»

«ዛሬ በመንገድዎ ላይ ነጎድጓድ አለ ቢባሉ ምን ያደርጋሉ?»

«ዞሬ እሄዳለሁ እንጂ!»

«በዓይንዎ ሳያዩት?»

ጋሼ ጢማቸውን ዳሰሱ። ልጅቱ ግን ረታሁ ብላ አልተኩራራችም፤ በትሕትና ወደ ቢሮዋ ወሰደችን።

ግድግዳውን በሞላው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ በዚያች ደቂቃ በዓለም የሚበሩት የመንገደኛ አውሮፕላኖች እንደ ብርሃን ነጠብጣብ ይርመሰመሱ ነበር። እኔ ሰማዩን ባዶ አድርጌ ነበር የማስበው። ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ።

«ይሄ ሁሉ አሁን ላይ ነው ያለው?»

«አሁን። እስቲ ደግሞ ጊዜውን ወደፊት እንግፋው።» ነጠብጣቦቹ እየበዙ፣ እየተጠጋጉ ሄዱ። «የመንገደኛውን ብዛት፣ የሞተሩን ዓይነትና የመንገዱን ርቀት ደምሬ ነው የማሰላው። አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። እንዲሁ ከቀጠልን እዚህ፣ ከተሻሻልን እዚያ እንደርሳለን እላለሁ። ምርጫው የኛ ነው። አንድ ኪሎ ነዳጅ ሲነድ እኮ ከሦስት ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል።»

«አትቀልጂ! አንዱ እንዴት ሦስት ይሆናል?»

«ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ይቀላቀለዋል። ክብደቱ ከዚያ ይመጣል።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ጋሼ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «የመንገደኛ ነፍስ በእጄ ነው። ለክፉ ቀን የያዝኩትን ነዳጅ አትንኪብኝ።»

«ደንቡ ካዘዘው መጠባበቂያ ጠብታ አልነካም። ከዚያ በላይ በልማድ ብቻ የሚጭኑትን ይተዉልኝ፤ እሱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። ሲወርዱም መሀል መሀል ላይ መውረዱን እያቆሙ ሞተር ከሚያስጮኹ፣ ከላይ ጀምረው ባንድ ተዳፋት ይንሸራተቱ።»

ንግግሯ ለሽማግሌ የሚገባውን አክብሮት ሳያጎድል እውነቱንም አልደበቀም። ምክር ሲሰጥ እንዲህ ነው።

«እንሞክረዋ!» አሉ ጋሼ።

የዚያን ዕለት ከበረራችን ስንመለስ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ፈቃድ ጠየቅን፤ ተፈቀደልን። ጋሼ የሞተሩን ኃይል እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉት። ጩኸቱ ረገበ። ያ ግዙፍ ብረት መንገደኞቹን እንደታቀፈ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንሳፈፍ ጀመር። ደመናው ተገለጠና ወንዙ፣ ማሳው፣ የቤቱ ጣሪያ ሁሉ ቀስ እያለ ወደኛ መጣ።

«ትሰማለህ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ጸጥታውን! ዕድሜዬን ሙሉ ሰማይ ላይ ኖሬ፣ ሰማዩን ገና ዛሬ ሰማሁት።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ወደ ማረፊያው ስንቃረብ ብቻ የሞተሩን ኃይል እንደ ደንቡ ከፍ አደረጉት፤ አውሮፕላኑም እንደ ወትሮው በደህና አረፈ።

በማግስቱ በስብሰባው አዳራሽ ጋሼ ብድግ ብለው ወደ መድረኩ ወጡ። «ትናንት ተቃዋሚ ነበርኩ። ዛሬ ግን ምስክር ነኝ። ነዳጅ ይተርፋል። ጭሱ ይቀንሳል። ከማረፊያው ሥር የሚኖር ሰው ሕፃኑን አስተኝቶ ያድራል። መንገደኛውም ሳይንገጫገጭ ይገባል። ከደኅንነታችን የጎደለ የለም» አሉ። ካፒቴኖቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እጃቸውን አወጡ፤ ዘዴው ጸደቀ።

ልጅቱ ግን ተነሥታ «አመሰግናለሁ ጋሼ። ነገር ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ያረጁ አውሮፕላኖችን መተካት አለ፤ ከተረፈ ምርት የሚሠራ ነዳጅ አለ፤ ገና ብዙ ይቀረናል» አለች።

ጋሼ ከመድረኩ ወርደው፣ ከወጣት አብራሪዎቹ መሀል ገብተው ተቀመጡ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ቀጥይ እንጂ፣ አስተምሪን!»