መዳፍና ካሜራ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዝናብ ባያባርረኝ ኖሮ ወደዚያ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ግቢ ባልገባሁ ነበር። በሩ አጠገብ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠግቼ ካፖርቴን ሳራግፍ ከጀርባዬ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛውን በድምፃቸው አወቅኋቸው። የፋብሪካው የጥገና ኃላፊ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን ለልምምድ እሳቸው ዘንድ እልክ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ መዳፍ ይላቸዋል። ሞተርም ይሁን የመብራት ሳጥን መዳፋቸውን ያሳርፉበትና ዓይናቸውን ጨፍነው «ይሄ ታሟል» ወይም «ይሄ ደህና ነው» ይላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ይህ ነው፤ እሳቸውም ይኮሩበታል።

ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ መሐንዲስ ነች። ሥራዋ የፋብሪካዎችን ዕቃ በሙቀት ካሜራ መመርመር ነው።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት» አሉ ጋሽ መዳፍ። «እስቲ ይፍረዱን። ይህቺን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። ዛሬ ሳጥንዎን ፎቶ ካላነሳሁ ብላ ቀኑን ያዘችብኝ። ሳጥኑ ሊሞሸር ነው እንዴ?»

«አጎቴ ሲጨንቃቸው ይቀልዳሉ» አለች ልጅቱ።

ከፊት ለፊታችን ጣሪያ የሌለው፣ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ አዳራሽ ቆሟል። አምና እሳት ተነሥቶበት ሦስት ሴቶች ሞተዋል። አጣሪዎቹ ሦስት ሳምንት ከረሙና «በኤሌክትሪክ ኮንታክት» ብለው ጽፈው ሄዱ። ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው ሞቶ ሲገኝ «የሞተው ትንፋሹ ስለቆመ ነው» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ኮንታክት ከሰማይ አይወርድም። ከኋላው የላላ ብሎን፣ ያረጀ ኬብል፣ ያላየ ወይም ማየት ያልፈለገ ሰው አለ።

ከዚያ እሳት የተረፉት ሴቶች አሁን ፎቅ ላይ፣ የካውያ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ሰባ ናቸው። መውረጃቸው አንድ ጠባብ ደረጃ ብቻ ነው፤ ለክፍሉ ኃይል የሚሰጠው የመብራት ሳጥንም የተሰቀለው እዚያው ደረጃው ሥር ነው። መሐንዲሷ ሳጥኑ ይመርመር ብላ ዓመት ሙሉ ወትውታለች። ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ «የጥገናው ኃላፊ ከፈቀዱ» አላት። ብልጠት ነው፤ ኃላፊው እንደማይፈቅዱ ያውቃል። እምቢ ሲሉ እሱ ደግ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ጋሽ መዳፍ አልፈቀዱም። ምክንያታቸውን በዝርዝር ነገሩኝ፤ ሁሉም ሰው የሚያከብረው ዓይነት ምክንያት ነው። በመሣሪያ ሳይሆን በልምድ እንደሠሩ፣ ልምድ ባትሪ እንደማያልቅበት፣ ትናንት የመጣ ካሜራ የሠላሳ ዓመት እጅን ሊያርም እንደማይችል ነገሩኝ።

«ደግሞስ እኔ ሥራዬን አስታጉዬ አውቃለሁ?» አሉ። «እሁድ እሁድ ሁሉም ሲጠፋ ሳጥኑን ከፍቼ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ አጠብቃለሁ፣ በመዳፌ እዳስሳለሁ፣ እፈርማለሁ። መዝገቡ ያውላችሁ። አንድ እሁድ አላመለጠኝም።»

«ችግሩ እሱ ነው፣ አጎቴ። እሁድ ካውያዎቹ በሙሉ ጠፍተዋል። ኤሌክትሪክ የማያልፍበት ኬብል በምን ይሞቃል? እሁድ የሚነካ ሳጥን ሁልጊዜ ደህና ነው።»

እውነቷን ነው፤ ስሕተቱም የእሳቸው ብቻ አይደለም። ሯጭን አልጋ ላይ አስተኝቶ የልብ ትርታውን መቁጠርና «ሂድ፣ ተራራ ውጣ» ማለት ነው። እኔ ራሴ ተማሪዎቼን «መጀመሪያ አጥፉ፣ ከዚያ መርምሩ» እያልኩ አስተምሬአለሁ። ለሚጠግን እጅ ትክክል ነው። በሽታው የሚታየው ግን ማሽኑ ሸክሙን ተሸክሞ ሲሠራ መሆኑን አልነገርኋቸውም። ግማሽ ትምህርት ሰጥቼ ሙሉ ጡረታ እበላለሁ።

ልጅቱ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። የሞቀ ነገር ሁሉ ዓይናችን የማያየው ጨረር ይረጫል፤ ታኅተ ቀይ ይባላል። ካሜራዋ ያንን ጨረር በቀለም ታሳያለች። ሦስት ኬብሎች እኩል ሸክም ተሸክመው አንዱ ብቻ ካተኮሰው፣ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ተበልቷል ማለት ነው።

«ካሜራሽ አትሳሳትም?» አሏት።

«ትሳሳታለች። የሚያብረቀርቅ ብረት ያታልላታል፤ በተዘጋ በርም አታይም። ስለዚህ ነው ጓንትና የፊት መከለያ አድርጌ ሳጥኑን መክፈት ያለብኝ። የማነበውም ብረቱን ሳይሆን የኬብሉን ልባስ ነው፤ ያንን ከወንድሞቹ ጋር አስተያያለሁ።»

ጋሽ መዳፍ ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱ ደስ እንዳሰኛቸው አየሁ፤ የባለሙያ መልስ ነበር። ቢሆንም «አይሆንም» አሉ። «እኔ ጡረታ ስወጣ እንደ ፈለግሽ ታደርጊያለሽ።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እጄን ወደ ጠቆረው ግድግዳ ዘርግቼ «ያ አዳራሽስ ስንት እሁድ ተዳስሶ ነበር?» አልኋቸው።

ፊታቸው ደም አልባ ሆነ። ከአፌ ሳይወጣ ልመልሰው በወደድሁ፤ ግን ወጥቷል።  ከዚያ ወደ ደረጃው አመሩ፤ ተከተልናቸው። ሳጥኑ ፊት ቆመው ለልጅቱ «ክፈቺው» አሏት።

ከላይ የካውያዎቹ እንፋሎት ፉጨትና የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። አንዷ ስለ ባሏ እናት የሆነ ነገር ታወራ ነበር፤ ሰባውም ይስቃሉ። መሐንዲሷ ወደ ኋላ እንድንርቅ አደረገችን፤ ጓንቷንና መከለያዋን ለበሰች፣ ሳጥኑን ከፈተች፣ ካሜራዋን ደቀነች፣ መልሳ ዘጋችው። ሁሉም ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሥዕሉን አሳየችን። ሁለቱ ኬብሎች ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ቀለም አላቸው፦ አርባ አንድና አርባ ሦስት ዲግሪ። የሦስተኛው ጫፍ ግን ነጭ ነው፤ እንደሚነድ የሻማ ክር። መቶ ሠላሳ ስድስት።

«ቀለም ነው» አሉ ጋሽ መዳፍ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር። «ቀለም ማንም ይቀባል። ሳጥኑን ራሱን እንጠይቀው።»

ልጅቱ «አይንኩት» ስትል አልሰሟትም። ሳጥኑ ጠባብ ነው፤ የታመመው ኬብል ከጎኑ ቆርቆሮ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳደረጉት መዳፋቸውን እዚያ ቆርቆሮ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ሲጸልይ እንደሚጠበቅ ጠበቅናቸው።

«ለብ ብሏል» አሉ። «ደህና ነው።»

እኔም ደፋር ልሁን ብዬ እጄን ከእጃቸው አጠገብ አደረግሁ። በዚያው ቅጽበት ሳላስበው መነጨቅሁት፤ መዳፌ ተለበለበ። ቀና ብዬ ሳይ የሳቸው እጅ አሁንም እዚያው ነው። አልተንቀሳቀሰም።

የወንድማቸው ልጅ አንጓቸውን ይዛ እጃቸውን ከቆርቆሮው አነሣችው። መዳፉ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት፤ መዳፌን እያራገብሁ እፍ እፍ የምለውን ሰው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ስኳሩ ነው። ሐኪሙ ነርቭ ያደነዝዛል ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ከዚያ መዳፌ። ዛሬ ነገ ይመለሳል እያልኩ ቆየሁ። ሰው ሁሉ ጋሽ መዳፍ ይለኛል፤ ምን ብዬ ልንገረው?»

ሁለት ዓመት። እሳቱ አምና ነበር። ሒሳቡን ማናችንም ጮክ ብለን አልሠራነውም።

ከዚያ በኋላ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ጋሽ መዳፍ ግቢውን በዝናብ አቋርጠው ሄዱና ዋናውን ማጥፊያ በገዛ እጃቸው አወረዱት። ፉጨቱ ቆመ፤ ሳቁም ቆመ። ሴቶቹ በጠባቡ ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ሰባውም ወርደው እስኪያልቁ ቆሜ ቆጠርሁ፤ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ቀስ ብለው፣ ያለ ጭስ፣ ያለ ድንጋጤ ወርደው ያን ያህል ከፈጀ፣ በሌላ ዓይነት ቀን ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈለግሁም።

ሥራ አስኪያጁ ያለ ጃንጥላ እየሮጠ መጣና መብራቱን ማን እንዳጠፋ ጠየቀ።

«እኔ» አሉ ጋሽ መዳፍ። «ሁለት ሰዓት ስጠኝ። ዛሬ በፈቃድህ ሁለት ሰዓት ካላቆምክ፣ ሌላ ቀን ያለ ፈቃድህ ለዘላለም ታቆማለህ። ከዛሬ ጀምሮ ምርመራው የሚደረገው በሥራ ቀን ነው፤ ካውያው ሁሉ እየነደደ፣ በካሜራ። እሁድ የምንከፍተው ሥዕሉ ታሟል ያለውን ብቻ ነው። እኔን አትስማኝ፤ እኔ ስለ ሙቀት የማውቀው ነገር የለም። እሷን ስማት።»

ሥራ አስኪያጁ «ሁለት ሰዓት ብቻ» ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። በሰው ስም የተደበቀ ሰው ያ ስም ሲሸሸው እንዲህ ይሆናል።

ጥገናው ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የተቃጠለው የኬብል ጫፍ ተቆረጠ፤ አዲስ መጋጠሚያና አዲስ ብሎን ገባ። ካውያዎቹ እንደገና ሲነዱ ሥዕሉ አርባ ሁለት ዲግሪ አሳየ። እንግዲህ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ፋብሪካ ያለው፣ ዳቦ ቤት ያለው፣ አንድ ሞተር ያለው ሁሉ ይስማ። በሽታው ሳይጥል ይታወቃል፤ መቆሚያውን ሰዓት እሳቱ ሳይሆን አንተ ትመርጣለህ፤ ጤነኛውን ሳትነካ የታመመውን ብቻ ታክማለህ፤ የዘንድሮውን ሥዕል ከአምናው ጋር ታስተያያለህ። ይህን ሁሉ ለመረዳት የተማረ መሆን አያስፈልግም። ሦስት ሬሳ መቁጠር ግን ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

ልጅቱ የወጣውን ብሎን በብርሃን አየችውና ለአጎቷ ሳታሳይ ኪሷ ልትከተው ነበር። ቀድመው ከእጇ ወሰዱት። ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። በየእሁዱ፣ በማይሰማ እጅ፣ ጠብቆ የነበረውን ደግመው ደጋግመው እያጠበቁ የበሉት እሳቸው ነበሩ።

«የአምናውም እንዲህ ነበር?» አሏት።

እንድትዋሽ በልቤ ለመንኋት። «የአምናው ተቃጥሏል፣ አጎቴ። አላውቅም» አለች።

«ካሜራሽ ብትኖር ኖሮ ይታይ ነበር?»

«አዎ» አለች። «ከሳምንታት በፊት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የባለሙያ መልስ እንደሰጠቻቸው ጊዜ። ብሎኑን በደረት ኪሳቸው ከተው ወደ ግቢው ቧንቧ ሄዱ፤ ከፍተው የተቃጠለ መዳፋቸውን ከውኃው ሥር ያዙ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፊት ለፊታቸው ያ ጥቁር ግድግዳ ቆሟል።  በመጨረሻ ዞር ሳይሉ ጠየቁን፦

«ውኃው ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሙቅ?»

 እኔ ሄጄ ጣቴን ነከርሁና ነገርኋቸው።