ስም የማይጠየቅበት ውኃ

የመተማን ፀሐይ ሽሽት ከኒም ዛፍ ሥር ስገባ ጋሽ አዛናውና የእህታቸው ልጅ ጸዳለ ሲከራከሩ ደረስኩ። ጋሽ አዛናው ሰሊጥ ሲያርሱ የኖሩ፣ ለመንገደኛና ለቀን ሠራተኛ ብለው ዚር የሚባለውን የሸክላ ጋን በደጃቸው ሞልተው የሚያኖሩ ሰው ናቸው። ጸዳለ ኮምፒውተር ትጠግናለች።

ክርክሩ በአንድ ማሽን ነው። ጸዳለ በሱቋ ጥግ በነፃ የምታሠራው ይህ ማሽን ማንነታቸውን ሳይገልጡ በኢንተርኔት መጻጻፍ የሚፈልጉ ሰዎችን መልእክት ካንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል፤ በየአገሩ ብዙ በጎ ፈቃደኞች እንዲሁ ያደርጋሉ። አሁን ግን መልእክት የሚያሳልፍ ሁሉ ከየት መጥቶ ወዴት እንዳለፈ መዝግቦ ዓመት ያቆይ፣ ሲጠየቅም ያስረክብ የሚል ደንብ ወጣ።

ጋሽ አዛናው ደንቡን ደግፈዋል። ሌባም በዚያው መንገድ ይሄዳል አሉ፤ እውነት ነው፣ ይሄዳል።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? መዝግቢና ተገላገይ።»

«ከዚርዎ የጠጣውን ሁሉ ስሙንና የሚሄድበትን ይጻፉ ቢባሉስ፣ አጎቴ?»

«ስም ጠይቆ ውኃ የሚሰጥ ባለጌ ነው» ብለው ተቆጡ።

በዚህ መካከል ተከራያቸው ዑበይዳ ውኃ ሊጠጣ መጣ። የአገሩን ጦርነት ሸሽቶ በድንበሩ ከተማ በገላባት የተሻገረ ሱዳናዊ መምህር ነው። ነገሩን ሲሰማ ጣሳውን እንደያዘ ቆመ። ወንድሙ ከወዲያ ማዶ ተደብቆ እንደሚኖር፣ ደኅንነቱን የሚሰማውም በእንዲህ ያለ መንገድ ብቻ እንደሆነ በተሰባበረ አማርኛ ነገራቸው።

«በእሷ ማሽን ይለፍ፣ በሌላ ሰው፣ አላውቅም» አለ። «ሁሉም ከመዘገበ ግን ወንድሜን የሚያድኑት መዝገቡን ገጣጥመው ቤቱን ያገኙታል።»

«ለመንግሥት እንጂ ለእነሱ ማን ይሰጣል?» አሉ ጋሽ አዛናው፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

«ሰሊጥዎ ከመጋዘን የጠፋው ለሌባ ሰጥተውት ነው?» አለች ጸዳለ።

ሽማግሌው ዘወር ብለው ዚሩን አዩት።

«እንግዲያው አትመዝግቢ» አሉ በመጨረሻ። «ያልተቀመጠ አይሰረቅም። ሌባ የሚፈልግ ሌባውን ይከተል፤ ለአንድ ሌባ ተብሎ የመንገደኛ ሁሉ ዱካ አይለቀምም።»

በጽሑፍ መምከር ሥራዬ ነውና የተመከረ ሰው ሲገባው ደስ ይለኛል። ጸዳለ ግን አንገቷን ደፋች።

«ካልመዘገብኩ ቅጣቱ ሱቄን ይበላዋል። ልመዝግብ ብልም እጄ አልታዘዝ አለኝ። ማሽኑን ዛሬ ጠዋት ነቅየዋለሁ።»

ዑበይዳ ሳይጠጣ ጣሳውን ከዚሩ ክዳን ላይ አስቀምጦ ሄደ። ጋሽ አዛናው ተጣሩ፤ አልተመለሰም።

ሌባው ሌላ መንገድ አያጣም። የዑበይዳ ወንድም ግን መልእክቱን ከሚያቀብሉለት ደጋጎች አንዷ ጎደለችበት፤ ይህ ያንገበግበኛል። ጋሽ አዛናው አምነዋል። ደንቡን የጻፉት ግን ከዚያ ዛፍ ሥር አልተቀመጡም።