ነገ የኬሚስትሪ ክፍል አለ

ከሶዶ በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ወጣት ሰውዬና ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ተቀምጠዋል።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ ኬሚስትሪ መጽሐፍሽን ልየው?»

«ይመልከቱ።»

«ይሄ መልስ ለምን ኔጋቲቭ ሆነ?»

«ሙቀት ስለወጣ ነዋ። ከገባ ፖዘቲቭ ነው።»

«ሲሞቅስ ሪአክሽኑ ለምን ይፈጥናል?»

«ፓርቲክሎቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚጋጩ። በፕላዝማ አይቼዋለሁ፤ ቲቪው ግን አይጠብቅም፣ ጥሎን ይሄዳል።»

«በናትሽ አንዴ ድገሚልኝ።»

«ፈተና አለብዎት እንዴ?»

«የለብኝም። የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፤ ነገ ግን አስራ አንደኛ ክፍል ገብተህ ኬሚስትሪ አስተምር ተብያለሁ።»

«የት?»

የትምህርት ቤቱን ስም ነገራት።

«ቲቸር፣ እኛ አስተማሪ ካጣን ሁለት ወራችን ነው። መጽሐፉን ይያዙት፤ ነገ ክፍል ውስጥ ይመልሱልኛል።»

እኔ በሰማሁት አፍሬ እስክወርድ ድረስ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም።