ለሊን አከራይ የጻፍነው ደብዳቤ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው ሬስቶራንት አብራኝ የምታስተናግደው ቬትናማዊቷ ሊን እንግሊዝኛ የምታጠናው በካርድ ነው፤ ከፊት ቃሉ፣ ከጀርባ ቬትናምኛው። እኔም ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝና አስተማሪዋ ሆንኩ። «ከባድ ቃል በሦስት ቀን ካልተሠራበት ይሞታል» አልኳት። ሶ፣ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ያለው አፓርትመንቷ ጣሪያው ሲያፈስ ለአከራይዋ ደብዳቤ ጻፍን። «ጣሪያዬ ያፈሳል» ብላ ብትጀምር «ይሄ የሕፃን እንግሊዝኛ ነው!» ብዬ ሰረዝኩት። በምትኩ የአርባ ካርድ ከባድ ቃል ገባበት።

በሳምንቱ መልስ መጣ፤ ያውም ከጠበቃ። ካርዳችንን ሁሉ ብንበትን አንድ መስመር አልገባንም። ሊን አሁንም ውሃውን በባልዲ ትቀበላለች። ጨነቀንና ለሬስቶራንቱ ባለቤት ለጋሼ በቀለ ሰጠናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ድራይቭ ያደረጉ ሰው ናቸው። አነበቡና፣ «አንተ ልጅ፣ ልትከሱት ነው እንዴ? ‹ደንበኛዬን በምን እንደምትከሱት ግለጹልኝ› ነው እኮ ጠበቃው የሚለው!» ብለው ስልክ አንስተው ለአከራይዋ ደወሉ። «ሄሎ፣ ጣሪያ ውሃ። ፕሊስ ፊክስ።»

በማግስቱ ጣሪያ ጠጋኝ መጣ። ሊን ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ወዲያው አስረዳኋት፦ ደብዳቤያችን መንገዱን ባይጠርግላቸው ኖሮ ጋሼን ማን ይሰማቸው ነበር?