የአቶ ሚልኪያስ ገብረእግዚአብሔር ዜና ሕይወት፣ በተፎካካሪያቸው አንደበት

ከሐሙሲት፣ ከይፋግና ከእብናት ለቅሶ ልትደርሱ የመጣችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ዜና ሕይወት የሚያነበው አቶ ሚልኪያስ በምርጫ የረቱት ይሻው ሙላቴ ነው፤ ወዳጅ ያጋንናል፣ ተፎካካሪ ግን የሚናገረውን ይመዝናል ብለው ሟቹ ራሳቸው አዝዘዋልና፣ በአነባበቡ ቅር የሚለው ቢኖር ጥፋቱ የእርሳቸው ነው።

አቶ ሚልኪያስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረእግዚአብሔርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች በ1988 ዓ.ም. በሐሙሲት አቅራቢያ ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በሐሙሲትና በደብረ ታቦር ተከታትለው፣ በመምህርነት ተመረቁ። ተማሪ ሳሉ አለቃ ሆነው ያልተመረጡበት ክፍል አልነበረም፤ እርሳቸው ሲናገሩ የተኮራረፈው ሁሉ ይስቅ ነበር።

በሃያ አምስት ዓመታቸው ለምክር ቤት ሲወዳደሩ፣ ይኸው ይሻው በሌላ ፓርቲ ቀረበባቸው። ሁለቱ ግን የሚካኤልን ማኅበር አብረው የሚጠጡ ነበሩ። ከምርጫው በፊት ባለው ወር የማኅበሩ ተራ የአቶ ሚልኪያስ ሆነና፣ ቤታቸው በሰው ሞልቶ ቢያዩ አላስቻላቸውም፤ ጽዋው ሳይዞር ምረጡኝ ማለት ጀመሩ። ይሻውም ዘሎ ተነሥቶ መልስ ሰጠ። ጽዋ በቀረበበት ቤት ክርክር ነውር ነውና፣ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረየሱስ ሁለቱንም ገሥጸው፣ ሐሙስ ገበያ መካከል ቆመው አንዱ የሌላውን ደግነት ይመስክር ሲሉ ቀኖና ሰጡ።

ወይ ጉድ! አቶ ሚልኪያስ ስለ ይሻው ትጋትና ሽምግልና አሳምረው ተናገሩ። ይሻው ደግሞ እበልጣለሁ ብሎ፣ የታመመ ጎረቤታቸውን ጤፍ አጭደው እንደወቁለት፣ ለማንም ዋሽተው እንደማያውቁ፣ አንዱንም ሳያስቀር ዘከዘከው። ገበያተኛው አመነውና በምርጫው ቀን አቶ ሚልኪያስን መረጠ። ይሻው ወር ሙሉ አኩርፎ ሲከርም፣ እርሳቸው ቤቱ ድረስ መጥተው አማካሪዬ ሁን ብለው ለመኑት።

ከዚያ ወዲህ እርሳቸው በምክር ቤት፣ ይሻው በመንደር እየተጋገዙ፣ ወንዝ ይወርድ ለነበረው ሕዝብ የጉድጓድ ውኃ አስቆፈሩ፤ በስብሰባም እያሳቁ የማይፈቀደውን ሲያስፈቅዱ ኖሩ። ይሻው ወንበሩን መመኘቱን እንዳልተወ ያውቁ ነበርና፣ በተገናኙ ቁጥር ወንበሩ ደኅና ነው እያሉ ያበሽቁት ነበር።

ወይዘሮ ሩት በላይነህን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ጽጌረዳንና ሲሳይን አፍርተዋል። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በሠላሳ ዓመታቸው ዐረፉ። አባታቸውን፣ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የመረጣቸውን ሕዝብ ትተውልናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ማኅበር ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸውም ጽናቱን ያድልልን፤ አሜን።

የምክር ቤቱ ወንበር እነሆ ባዶ ነው። አምስት ዓመት የተመኘው ይሻው ግን ዛሬ ና ተቀመጥበት ቢሉት እግሩ አይሄድለትም፤ ምነው ዕድሜ ልኬን ባሸነፉኝ ኖሮ ይላል።